ገደለ፣ ተገደለ፣ ተጋደለ፦ የግስ ዐይነትና የአመጸኛ ዋሻ ታሪክ

ተማሪዎች፣ አንድ ግስ እንደ አረባቡ አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ ወይም ተደራራጊ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በፊት ተምራችኋል። መታ፣ ተመታ፣ አስመታ፣ ተማታ እያላችሁ በቃል ማርባቱ አያስቸግራችሁም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አረባቡን እንደገና አንዘረዝርም። የምንመረምረው፣ አንድ ጸሐፊ ታሪክ በሚጽፍበት ጊዜ ከእነዚህ የግስ ዐይነቶች አንዱን ሲመርጥ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሸፍን ነው። ለምሳሌ የወሰድነው ታሪክ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ የተፈጸመ ነው፤ የአንድ የጦርነት ጊዜ መሪ ጓዝና ሕዝብ የተጠለለበት የዋሻ ምሽግ ታሪክ ነው።

ምሽግና ዋሻ

«ምሽግ» ማለት ከጠላት ጥይት ለመከለል በድንጋይ፣ በእንጨት ወይም በተቆፈረ አፈር የሚሠራ መከላከያ ነው። «ዋሻ» ደግሞ ማንም ሳይሠራው በገደል ጎን ወይም በመሬት ሆድ ውስጥ የሚገኝ ባዶ ስፍራ ነው። የአውሮፕላን ቦምብ የጦርነትን ጠባይ በለወጠበት ዘመን የታላላቅ መንግሥታት መሪዎች ምሽጋቸውን ወደ ምድር ውስጥ አወረዱት። የእንግሊዝ መንግሥት በለንደን ከተማ፣ ከአንድ የመንግሥት ሕንፃ ሥር፣ የጦር አመራር ክፍሎች አዘጋጅቶ በነሐሴ ወር 1931 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። ዊንስተን ቸርችል ጦርነቱን ከመሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው፤ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮም ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። አዶልፍ ሂትለር በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. ራሱን የገደለው በበርሊን ከተማ በኮንክሪት በተሠራ የምድር ውስጥ ምሽግ ነው። (ራሱን ገደለ የሚለውን ልብ በሉ፤ አድራጊውና ተሳቢው አንድ ሰው ነው።) እነዚህ ምሽጎች መሐንዲስ የነደፋቸው፣ ኤሌክትሪክና ስልክ የገባላቸው ነበሩ።

የሸዋ አርበኞች መሪ የአበበ አረጋይ ምሽግ ግን ሲሚንቶ አልነካውም። የመንዝ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ገብስና በግ የሚበረክትበት፣ ሰው ከብርዱ የተነሣ ባና ተከናንቦ የሚውልበት አምባ ነው። የአምባው ጠርዝ ሲደረስ መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ወደ ወንጭትና ወደ ጅማ ሸለቆ ይወርዳል። ከሸለቆው ማዶ መርሐ ቤቴ ይታያል። በገደሎቹ ጎን ዋሻዎች አሉ፤ የአገሩ ሰው በክፉ ቀን እህሉንም፣ ልጆቹንም፣ ከብቱንም የሚሸሽገው በእነዚህ ነበር። አርበኛውም ምሽጌ ብሎ የተማመነው ይህንኑ ገደል ነው።

ምንባብ፦ በዘረት የሆነው

የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባ ጊዜ አበበ አረጋይ የከተማይቱ የፖሊስ አዛዥ ነበሩ። የራስ ጎበና ዳጨ የልጅ ልጅ ናቸው። ከተከታዮቻቸው ጋር ወደ ገጠር ወጥተው ጦርነቱን ቀጠሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ በደብረ ሊባኖስ ገዳም የፋሺስት ጦር ያደረሰው ፍጅት ብዙ ሰው ወደ ጫካ እንዲገባ ገፋፋ። አበበ አረጋይም የሸዋ አርበኞች ዋና መሪ ሆኑ።

በ1931 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ይህን ኃይል ለማጥፋት በአውሮፕላን የታገዘ ሰፊ ዘመቻ ከፈተ። ኢጣሊያኖች እንዲህ ያለውን ዘመቻ «ጦርነት» አላሉትም፤ የቅኝ ግዛት የፖሊስ ሥራ ነው ይሉት ነበር። አገሩ ተይዟል፣ ጦርነቱ አልቋል ብለው ለዓለም አውጀው ነበርና፣ በግልጽ ጦርነት ማለት አይመቻቸውም ነበር።

ከአርበኛ ጦር ጋር የሚጓዘው ተዋጊ ብቻ አልነበረም። ሚስት፣ ልጅ፣ አሮጊት እናት፣ ቁስለኛ ወንድም፣ ስንቅ የጫነ አህያ አብረው ይጓዛሉ። ተዋጊው ጠላት በተጠጋው ጊዜ በሌሊት ገደል ወርዶ ሊያመልጥ ይችላል፤ ቁስለኛውና ሕፃን ያዘለችው እናት ግን አይችሉም። በዚህም ምክንያት የአበበ አረጋይ ዋና ጦር ሲንቀሳቀስ ጓዙ ወደ ኋላ ቀረ። ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት፣ ከጥቂት ጠባቂ ተዋጊዎች ጋር፣ ዘረት በተባለው ስፍራ ወደሚገኘው ሰፊ ዋሻ ገቡ። ዋሻው አመጸኛ ዋሻ ይባላል። የጠባቂዎቹ አለቃ ተሾመ ሽንቁጥ ነበሩ። አበበ አረጋይ ራሳቸው በዚያ አልነበሩም።

የኢጣሊያ ጦር ስፍራውን አውቆ ከበበው። ጠመንጃና መድፍ ግን ከዋሻው ውስጥ የገባውን ሰው ሊያስወጡት አልቻሉም፤ ከአፉ ላይ ሆነው የሚተኩሱ ጥቂት ሰዎች ብዙውን ከበባ ሊመክቱ ቻሉ። በዚህ ጊዜ ከሳቮያ ግሬናዴር ክፍለ ጦር የኬሚካል ቡድን ተጠራ። የቡድኑ ወታደሮች ለአውሮፕላን ቦምብ ተብሎ የተዘጋጀ የሰናፍጭ ጋዝ ከገደሉ አናት ወደ ዋሻው አፍ አውርደው አፈነዱት። አርሲን የተባለ መርዝ የያዙ የመድፍ ጥይቶችም ተተኮሱ።

የሰናፍጭ ጋዝ የሚነሣው ጭስ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይወርዳል፤ ነፋስ በማይደርስበት ጉድጓድና ዋሻ ተኝቶ ይቆያል። የነካው ሰው ወዲያው ላይሰማው ይችላል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ዐይን ያብጣል፣ ቆዳ ውኃ ይቋጥራል፣ ሳንባ ይቃጠላል። ውኃና ምግብም ይበክላል። ከጥይት ያዳነው ዋሻ ከዚህ መርዝ ሊያድን አልቻለም፤ እንዲያውም መርዙን አቁሮ ያዘው።

ይህ የሆነው ከሚያዝያ 1 እስከ ሚያዝያ 3 ቀን 1931 ዓ.ም. ባሉት ቀናት ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን ነበር።

ተሾመ ሽንቁጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ከበባውን ጥሰው ወጡ። የተቀሩት በመጨረሻ እጃቸውን ሰጡ። የኢጣሊያ ጦር የተማረኩትን ወንዶች ረሸነ። ከሴቶቹና ከሕፃናቱ ብዙዎቹ በመርዙ ሞተዋል። በወቅቱ የተላለፈው የኢጣሊያ ጦር ዘገባ 800 ያህል አመጸኞች መገደላቸውን ይገልጻል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሰነዶቹን የመረመረው ኢጣሊያዊው የታሪክ ሊቅ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1000 በላይ ያደርሰዋል።

የግሱ ባለቤት ማን ነው?

ምንባቡን ካነበባችሁ በኋላ ቀጥለው የተጻፉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ። ሁሉም ስለ አንድ ዋሻና ስለ አንድ ቀን የተነገሩ ናቸው።

በዘረት ብዙ ሰው ሞተ።
በዘረት ብዙ ሰው ተገደለ።
የኢጣሊያ ወታደሮች በዘረት ብዙ ሰው ገደሉ።
የኢጣሊያ አዛዦች በዘረት ብዙ ሰው አስገደሉ።

ሰዋስውን ብቻ ብንመለከት አራቱም ትክክል ናቸው። መምህርም በቀይ ቀለም የሚሰርዘው ነገር አያገኝባቸውም። ነገር ግን የሚናገሩት አንድ አይደለም። «ሞተ» ተሳቢ የማይፈልግ ግስ ነው፤ ሰው በወባም ይሞታል፣ በርሃብም ይሞታል፣ በእርጅናም ይሞታል። «ሞተ» ያለ ጸሐፊ ገዳይ ስለ መኖሩ ምንም አልተናገረም። «አለቀ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ በወረርሽኝ ጊዜ የሚነገር ቃል ስለ ሆነ ነገሩን የመቅሠፍት ያስመስለዋል።

«ተገደለ» ከ«ሞተ» ይሻላል። ገዳይ መኖሩን ይነግረናል። ነገር ግን ገዳዩን ከመድረክ ጀርባ ትቶት ይሄዳል። የተደራጊ ግስ ጠባዩ ይህ ነው፤ በአድራጊው ግስ ጊዜ ተሳቢ የነበረውን ወደ ባለቤትነት ያወጣና የቀድሞውን ባለቤት ያሰናብታል። በማስተማር ሥራ ላይ ሳለሁ ስለ ፋሺስት ወረራ የተጻፉ ብዙ የተማሪ ድርሰቶች አርሜአለሁ። መንደሩ ተቃጠለ፣ እህሉ ተዘረፈ፣ ሰዉ ተረሸነ እያሉ ሦስት ገጽ ጽፈው አንድ ጊዜ እንኳ ያቃጠለውን፣ የዘረፈውን፣ የረሸነውን የማይጠሩ ነበሩባቸው። ጸሐፊዎቹ ማንንም ለመደበቅ አላሰቡም፤ «ተ» ጆሮን ስለሚመች ብቻ ነው።

ይህን ስል ተደራጊ ግስ አይጻፍ ማለቴ አይደለም። ተጎጂውን ከፊት አስቀድመን ልናሳይ ስንሻ ተገቢ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ አድራጊውን በ«በ» አስገብቶ ማቆየት ይቻላል፦ «ሴቶችና ሕፃናት በኢጣሊያ ጦር በመርዝ ጋዝ ተገደሉ»። በዚህ ዐረፍተ ነገር ሁለት «በ» አለ። የመጀመሪያው አድራጊውን፣ ሁለተኛው መሣሪያውን ያመለክታል። ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ ጆሮ ይሻክረዋል፤ አንባቢም ይደናገራል። «የኢጣሊያ ጦር በረጨው የመርዝ ጋዝ ተገደሉ» ብንል አድራጊው ከነሥራው ይታያል፤ አንዱ «በ»ም ይወገዳል።

አሁን ወደ «አስገደለ» እንምጣ። አማርኛ በዚህ ረገድ የታደለ ቋንቋ ነው፤ በአንዲት «አስ» ብቻ፣ እጁን ደም ሳይነካው ሥራውን ያሠራውን ሰው ለይቶ ያወጣዋል። በዘረት ይህ ግስ ብዙ ባለቤት አለው። ቤኒቶ ሙሶሊኒ በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. ለግራዚያኒ ባስተላለፈው ቴሌግራም አመጸኞችን ለመጨረስ ጋዝ እንዲጠቀም ፈቅዶ ነበር። ይህም አገሩ ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለውን የጄኔቭን የ1917 ዓ.ም. ስምምነት ከፈረመች በኋላ ነው። ከእርሱ በታች ዘመቻውን ያቀዱት ጄኔራሎች አሉ። ከእነርሱም በታች በስፍራው የነበሩት አዛዦች አሉ። ዶሚኒዮኒ ከጠቀሳቸው አዛዦች አንዱ ሌተና ኮሎኔል ጀናሮ ሶራ ነው። ይህ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1928 በሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ ወድቃ የተሰበረችውን «ኢታሊያ» የተባለች የአየር መርከብ ተሳፋሪዎች ፍለጋ ዘምቶ በአገሩ ዝናን ያተረፈ ሰው ነበር። አንድ ሰው የአንዱ ዐረፍተ ነገር ባለቤት ሆኖ «ሊያድን ዘመተ»፣ የሌላው ባለቤት ሆኖ «አስገደለ» ሊባል ይችላል። ጸሐፊ አንዱን ለሌላው ብሎ አይሰርዝም።

«ገደሉ» የሚለውም ቢሆን አንድ ወጥ ባለቤት የለውም። ኢጣሊያ በምሥራቅ አፍሪቃ ያሰለፈችው ሠራዊት ነጭ ወታደር ብቻ አልነበረበትም፤ ከቅኝ ግዛቶቿ የተመለመሉ ወታደሮችም፣ ከአገራችን የተሰለፉ ባንዶችም ነበሩበት። «ጠላት ገደለ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ጠላት የሚለው ስም ብዙ ሰዎችን በአንድ ጆንያ ይከታል። ሳጅን አለሳንድሮ ቦአሊዮ የተባለ የኬሚካሉ ቡድን ባልደረባ የጻፈው ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ2010 በመጽሐፍ ታትሟል። እርሱ ደግሞ ከገደሉ አናት ላይ ከነበሩት ወገን ሆኖ የጻፈ ነው።

ተጋደሉ ወይስ ተገዳደሉ?

ከ«ገደለ» የሚወጡ ሁለት የተደራራጊነት ጠባይ ያላቸው ግሶች አሉ። «ተገዳደሉ» ማለት አንዱ ሌላውን፣ ሌላውም እርሱን ገደለው ማለት ነው። «ተጋደሉ» ግን እስከ ሞት ድረስ ታገሉ ማለት ነው፤ ተጋድሎና ገድል የሚባሉት ስሞች ከዚሁ ቤተ ሰብ ናቸው።

ስለ ዘረት ሲጻፍ «አርበኞችና ኢጣሊያኖች ተገዳደሉ» ቢባል ሁለቱ ወገኖች በእኩል ሚዛን የተቀመጡ ይመስላል። በአንዱ እጅ የመርዝ ቦምብ፣ በሌላው እጅ አሮጌ ጠመንጃ ባለበት ስፍራ ይህ ግስ ውሸት ይናገራል። «አርበኞቹ ተጋደሉ» ቢባል እውነት ነው፤ በዋሻው አፍ ላይ ሆነው የተኮሱት፣ ሌሊት ከበባውን ጥሰው የወጡት በእርግጥ ተጋድለዋል። ይሁን እንጂ ይኸው ግስ በዋሻው ለነበሩት ሁሉ ሲሰጥ ሌላ ስሕተት ይፈጠራል። የሦስት ዓመት ሕፃን አልተጋደለም። የእግሩ ቁስል ያመረቀዘ ሰው በጨለማ ተኝቶ ሲያስል አልተጋደለም። እነዚህን ሁሉ ጀግኖች ብለን «ተጋደሉ» ስንል ያከበርናቸው ይመስለናል፤ ነገር ግን የተፈጸመባቸውን ግፍ ወደ ውጊያ እንለውጠዋለን። የኢጣሊያ ጦር ዘገባ 800 ያህል «አመጸኞች» ሲል ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ በዋሻው የሞተውን ሁሉ ተዋጊ አደረገው። አንዱ ጸሐፊ በክብር፣ ሌላው ጸሐፊ በጠላትነት ተነሥተው አንድ ስፍራ መድረሳቸውን አስተውሉ።

ስለ ዋሻው ስምም አንድ ነገር እንበል። «አመጸ» የሚለው ግስ ብቻውን አይቆምም፤ «በማን ላይ?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ለሙሶሊኒ ቴሌግራም መልሱ ግልጽ ነበር፤ በኢጣሊያ መንግሥት ላይ። ነገር ግን አንድ ሰው በገዛ አገሩ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ባሕር ተሻግሮ በመጣ ጦር ላይ «አመጸ» ይባላልን? በመዝገበ ቃላት ዘንድ አመጸኛ፣ ሽፍታና አርበኛ በየራሳቸው ቦታ የተጻፉ ሦስት ቃላት ናቸው። በዚያ ዘመን በመንዝ ግን አንዱ ሰው በአንድ ቀን በሦስቱም ይጠራ ነበር፤ ልዩነቱ ከጠሪው ነው። ጸሐፊው ከሦስቱ አንዱን በመረጠ ጊዜ በማን ዐይን እያየ እንደሚጽፍ አስታውቋል።

ያለ ግስ የሚናገሩ ዕቃዎች

ኢጣሊያ ውስጥ የዘረት ነገር በጦር ቤተ መዛግብት ተቀምጦ ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1998 ዓ.ም. ዶሚኒዮኒ ዋሻውን አይቶ ጥናቱን ለሕዝብ አስታወቀ። የኢጣሊያ የመከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዝ በኢትዮጵያ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነውም ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ በ1988 ዓ.ም. ነበር። የመንዝ ሰው ግን ዋሻው የት እንዳለ አልጠፋውም።

ከዚያ በኋላ ስፔናዊው አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባልና ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህሌ የሚገኙባቸው የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች ዋሻውን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱን አሳተሙ። በውስጡ የሰው አጽም፣ የጥይት ቀለሃ፣ የሸክላ ዕቃና ስፌት ተገኝቷል። ቀለሃው ተዋጊ እንደ ነበረ ይመሰክራል። እንስራና መሶብ ይዞ ወደ ውጊያ የሚሄድ ጦር ግን የለም፤ እንስራና መሶብ ይዞ የሚሄድ ቤተ ሰብ ነው። በዋሻው እነማን እንደ ነበሩ ከቴሌግራሙ ይልቅ ሸክላው በትክክል ይናገራል። ድርሰት ስትጽፉ ዕቃን በስሙ መጥራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። «ብዙ ንጹሐን አለቁ» ከሚለው ይልቅ «ስፌቱ ከአጽሙ ጋር ተገኘ» የሚለው ለአንባቢ የበለጠ ይናገራል፤ «እጅግ አሰቃቂ»፣ «ዘግናኝ» የሚሉ ቅጽሎችንም አይፈልግም።

መልመጃ

ምንባቡን እንደገና አንብቡና ተደራጊ ግሶቹን አውጡ። ከእነርሱ መካከል አድራጊያቸው ያልተጠቀሰው የትኞቹ ናቸው? «አርሲን የያዙ የመድፍ ጥይቶችም ተተኮሱ» የሚለውን አድራጊው እንዲታይ አድርጋችሁ ጻፉት።

«ራስ አበበ አረጋይ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተገደሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። የመንግሥት ግልበጣውን ሙከራ የመሩት መንግሥቱ ንዋይና ገርማሜ ንዋይ መሆናቸውን ከታሪክ ትምህርታችሁ ታውቃላችሁ። ይህን አስገብታችሁ አንድ ጊዜ በአድራጊ፣ አንድ ጊዜ በአስደራጊ ግስ ጻፉት። ሁለቱ የሚያመጡትን የትርጉም ልዩነት በሁለት ወይም በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

በመጨረሻ፣ በአካባቢያችሁ በክፉ ቀን ሰው የተጠለለበት ዋሻ፣ ገደል፣ ጫካ ወይም ቤተ ክርስቲያን ካለ ስለ እርሱ ሁለት ገጽ የሚሆን ድርሰት ጻፉ። አዋቂ አባት ወይም እናት ጠይቁ፤ ስትጠይቁም «ምን ሆነ?» ብቻ ሳትሉ «ማን አደረገው?»፣ «ማን አስደረገው?»፣ «ከእናንተ ወገን በዚያ የነበረው ማን ማን ነው?» በሉ። የነገሯችሁን ግስ እንዳለ በማስታወሻ ደብተራችሁ ያዙ፤ «ሞቱ» ካሉ ሞቱ፣ «ፈጇቸው» ካሉ ፈጇቸው ብላችሁ ጻፉ። ድርሰቱን ለመምህራችሁ ስታስረክቡ ማስታወሻችሁንም አያይዙ።